ድንኳን ከመተከሉ በፊት

እድራችን የሚሰበሰበው በወሩ የመጀመሪያ እሁድ ነው። ብዙ ጊዜ እናቴን ወክዬ እሄዳለሁ፤ መዋጮ ከፍዬ፣ ስም ሲጠራ «አለን» ብዬ ሹልክ። ባለፈው መስከረም ግን እጄን አወጣሁ። «ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጉብታና ዜብራ ይሠራልን ብለን ብንጠይቅ፣ ከተፈቀደልንም ከእድሩ ገንዘብ ብናግዝስ?» አልኩ። በዚያ ቁልቁለት ምክንያት በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለቴ ድንኳን ተክለናል። አንዱ ለቆሎ ሻጯ፣ አንዱ ለሰባት ዓመት ልጅ።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ደንባችን የሚለው ለሞተ ነው። ላልሞተ ሰው ምን ብለን ወጪ እናደርጋለን?»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ማታ ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ፤ ምክንያቱም ሰውዬው ቀልድ አልነበረም የተናገሩት። የሞተ ሰው ስም አለው፣ የሚለቀስበት ቤት አለው። በጉብታው ምክንያት የሚተርፈው ልጅ ግን ማን እንደሆነ መቼም አናውቅም። እሱም አያውቅም፤ ኳሱን ተከትሎ አስፋልቱን ይሻገርና ወደ ቤቱ ይገባል፣ በቃ። ታዲያ ፊቱን ለማናየው ሰው ዕዳ አለብን ወይ? ለለቅሶ አንድ ሰፈር ሙሉ የሚወጣ ሕዝብ፣ ለቅሶው እንዳይመጣ ለመውጣት ለምን ይከብደዋል?

ሌላው ተቃውሞ የመጣው ዕድሜ ልካቸውን ሚኒባስ ከነዱ ጋሼ ነው። «እግረኛው ራሱ ነው ዘሎ የሚገባው። ድልድይ ተሠርቶለት ከሥሩ ይሻገራል!» እውነታቸውን ነው፣ ቀለበት መንገድ ላይ በየቀኑ የምናየው ነው። ግን ጀርባዋ ላይ ልጅ ያዘለች፣ በእጇ ዘንቢል የያዘች ሴት ያን ሁሉ ደረጃ ወጥታ እንድትወርድ የምንፈርድባት፣ መኪናው እግሩን ከነዳጁ ላይ ለአፍታ እንዳያነሳ ብለን አይደለም? አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ተጠንቀቁ የሚባሉትም እነሱው ናቸው።

እዚህ ላይ ስለራሴ ካልተናገርኩ ውሸታም እሆናለሁ። የአጎቴን መኪና ስይዝ ሌላ ሰው ነኝ። አንድ ቀን ረፍዶብኝ፣ ዜብራ ላይ ቀስ ብለው የሚሻገሩ እናት ላይ ክላክስ አንባርቄያለሁ። ደንግጠው ነጠላቸው ወደቀ። ክፉ ሰው አይደለሁም ብዬ አምናለሁ። ግን መንገዱ ሰፊና ልሙጥ ሲሆን እግሬ ራሱ ይጫናል። በ60 የሚሄድ መኪና በ30 ከሚሄደው ጋር ሲነጻጸር የሚማታበት ጉልበት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። ያን ቀን ይህን እያሰብኩ አልነበረም የምነዳው።

ስዊድን በ1997 እ.ኤ.አ. በሕግ ያጸደቀችው ሐሳብ የገባኝም ለዚህ ነው፦ ሰው ይሳሳታል፣ ስለዚህ መንገዱ ስሕተቱን በሞት እንዳይቀጣ ሆኖ ይሠራ። ሹፌሩን ነጻ አያወጣም፤ መንገዱን የነደፈውንም አብሮ ይጠይቃል እንጂ። ሆላንድን ደግሞ ከጥንትም የሳይክል አገር ነበረች ብለን እናስባለን። ግን በ1971 እ.ኤ.አ. ከ3,000 በላይ ሰው በመንገድ ሞቶባታል፣ ከ400 በላዩ ልጆች። ከዚያ በኋላ ነው ወላጆች «ልጆችን መግደል ይቁም» ብለው አደባባይ የወጡት። (እኛም «መንገድ ለሰው» በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር ልጆች አስፋልት ላይ ሳይክል ሲነዱ አይተን ደስ ብሎናል። ሰኞ ሲመጣ ግን ሁሉም ወደ ቦታው።)

በጥቅምቱ ስብሰባ ይህን ሁሉ አላወራሁም። የልጁ አባት ነው የተነሳው። «እናንተ አላለቃችሁብኝም፣ ቀብራችሁልኛል። ግን ቀድማችሁ ብትመጡ ደስ ይለኝ ነበር» ብሎ ተቀመጠ።

ገንዘቡ አሁንም አልተፈቀደም፤ ደንብ ደንብ ነው። ዳኛው ግን ደብዳቤው በእድሩ ስም ይጻፍ አሉ። ያ ማህተም እስከዛሬ የሚያርፈው «ሐዘን ላይ ስለሆነ የሥራ ፈቃድ ይሰጠው» በሚል ወረቀት ላይ ነበር። ጋሼም ፈረሙ፣ እያጉረመረሙ። ቢሮው ተቀብሎ «እናየዋለን» ካለን አራት ወር ሊሞላ ነው። በየዓርቡ ተራ ገብተን እየሄድን እንጠይቃለን። በነገው ዓርብ ተራው የእኔና የጋሼ ነው፤ በእግር እንሂድ ብለውኛል።