ስለ ውድ ዘፈንና ስለ እውነተኛ እንባ

ሰው ስለ ፍቅርና ስለ መለየት የሚዘፈን ዘፈን በሰማ ጊዜ ልቡ ይነካል፤ ዓይኑም እንባ ያቀርራል። ነገር ግን ያ ዘፈን በብዙ ገንዘብ የተሠራ፣ በብዙ ባለሙያ እጅ የተሰናዳ፣ ለሚሊዮን ሰው ይሸጥ ዘንድ ታስቦ የወጣ መሆኑን ከተረዳ በኋላ በእንባው ያፍራል። «ያለቀስሁት በእውነት ነው ወይስ ተታልዬ?» ብሎም ራሱን ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን ጠልቆ ለመረመረው ሰው ቅንነትንና ንግድን፣ እውነትንና አስመሳይነትን የሚለይበትን ሚዛን የሚነካ ነው።

ለዚህ ምርመራ የሚስማማ ምሳሌ የካናዳይቱ ዘፋኝ የሴሊን ዲዮን አልበም ነው። ስሙ «ሌትስ ቶክ አባውት ላቭ» ይባላል፤ ትርጓሜውም «ስለ ፍቅር እንነጋገር» ማለት ነው። የወጣው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1997 ዓመት በኖቬምበር ወር ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በዚህ አልበም ላይ በዘመኑ ስመ ጥር የነበሩ ሰዎች ተሰብስበዋል። ባርብራ ስትራይሳንድ አንዱን ዘፈን፣ የኢጣሊያው የኦፔራ ዘፋኝ ሉቺያኖ ፓቫሮቲም ሌላውን ከርስዋ ጋራ ተቀባብለው ዘፍነዋል። ቢ ጂስ የተባሉት ወንድማማቾች ዘፈን ደርሰው በድምፃቸው አጅበዋታል። ካሮል ኪንግ ከሌሎች ጋራ የደረሰችውን ዘፈን ደግሞ የቢትልስን ሸክላዎች ያሠራ የነበረው ጆርጅ ማርቲን አሰናድቶታል። ሥራው በለንደን፣ በኒው ዮርክና በሎስ አንጀለስ ስቱዲዮዎች ተቀረጸ፤ በመላው ዓለምም ከ30 ሚሊዮን የማያንስ ቅጂ እንደ ተሸጠ ይነገራል።

እንዲህ ባለው ሥራ ላይ ጥብቅ ፍርድ የሚፈርድ አንድ ታላቅ ደራሲ አለ፤ እርሱም ሩሲያዊው ሌዎ ቶልስቶይ ነው። ቶልስቶይ በ1897ና በ1898 ባሳተመው «ኪነ ጥበብ ምንድር ነው?» በተባለው መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ የአንድ ኦፔራ ልምምድ ሲካሄድ ያየውን ይተርካል። ሠራተኞቹ በጨለማ ሲደክሙ፣ አለቃውም ዘፋኞቹንና ተጫዋቾቹን ሲሰድብና ሲያዋርድ አይቶ፣ «ይህ ሁሉ ድካም ለምን ጥቅም ነው?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያም እውነተኛ ኪነ ጥበብ ማለት አንድ ሰው በልቡ የተሰማውን ስሜት ወደ ሌላው ልብ ማስተላለፍ ነው ሲል አስተማረ። ሥራውን እንጀራው ያደረገ ሰው ግን ያልተሰማውን እንደ ተሰማው አድርጎ ለማቅረብ ይገደዳልና፣ ከእርሱ ዘንድ ቅንነት ይጠፋል አለ።

ይሁን እንጂ ቶልስቶይ ራሱ ሌላ ሚዛን አኑሯል። መልካም ኪነ ጥበብ ለተማረውም ላልተማረውም፣ ለባለጸጋውም ለድኻውም እኩል የሚገባ፣ ሰውንም ከሰው ጋራ የሚያስተባብር መሆን አለበት ይላል። እንግዲህ የሴሊን ዲዮን ዘፈን በመጀመሪያው ሚዛን ሲመዘን ይቀልላል፤ በሁለተኛው ሲመዘን ግን ይደፋል። ሁለቱ ሚዛኖች በአንድ ሥራ ላይ እንዲህ ከተጣሉ፣ ነገሩ በገንዘቡ ብዛት ብቻ የሚፈረድ አይደለም ማለት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ገንዘቡ ይታሰብ። ሴሊን ዲዮን በ1968 ዓመት በኬቤክ አገር፣ ሻርለማኝ በምትባል ከተማ ለወላጆችዋ 14ኛ ልጅ ሆና ተወለደች። የመጀመሪያ ዘፈንዋን ግጥም የጻፈችላት እናትዋ ናት። ሬኔ አንዤሊል የተባለውም ሰው የሕፃኒቱን ድምፅ በሰማ ጊዜ፣ በ1981 የወጣውን የመጀመሪያ አልበምዋን ለማሠራት ቤቱን በመያዣ አስይዞ ገንዘብ ተበደረ። ይህ ገንዘብ ከኋለኛው ወጪ ጋራ ሲተያይ እጅግ ጥቂት ነው፤ ለሰጪው ግን ጣራውና ግድግዳው ነበረ። ስለዚህ አንድ ወጪ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት የሚያሰኘው ቁጥሩ ብቻ አይደለም። ገንዘቡ የማን ነው? የወጣውስ ማንን አዋርዶ፣ ማንንስ አስርቦ ነው? የተባለው ሲጠየቅ ነው ነገሩ የሚለየው። ቶልስቶይንም ያስቈጣው የወርቁ ብዛት ሳይሆን የሠራተኛው መዋረድ ነበር።

ቀጥሎ ስለ ቅንነት ይታሰብ። ከዚህ አልበም ዘፈኖች ሁሉ ይልቅ በዓለም የታወቀው ጄምስ ሆርነር ዜማውን፣ ዊል ጄኒንግስም ግጥሙን የደረሱት የ«ታይታኒክ» ፊልም ዘፈን ነው። ፊልሙ 200 ሚሊዮን ዶላር ያህል የፈጀ ነበር። ሆኖም ዳይሬክተሩ ጄምስ ካሜሮን በፊልሙ መጨረሻ ዘፈን እንዲኖር አልፈለገም ነበር፤ ዘፋኝዋም በመጀመሪያ አልወደደችውም። ሥራውን የሠሩት ሰዎች እንደ ተናገሩት፣ ዓለም የሰማው ድምፅ ለናሙና ብቻ ተብሎ የተቀረጸው ነው፤ የኦርኬስትራው ሙዚቃ የተጨመረበት በኋላ ነው። ያ ዘፈን በ1998 የኦስካርን ሽልማት አገኘ። ስለዚህ በዚያ ውድ ሥራ መካከል እጅግ የተወደደው ነገር ያለ ብዙ መሰናዶ የተገኘ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «እነሆ፣ ገንዘብ ከንቱ ነው» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ይህ ፍርድ የቸኰለ ነው። ያ የናሙና ድምፅ በአንድ ቀን የተገኘ ቢመስልም፣ ከ12 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ የተደከመበት ነው። ልምምዱ፣ ጉሮሮን ለመጠበቅ ሲባል የተቀመጡበት ዝምታ፣ በየመድረኩ የፈሰሰው ላብ ሁሉ አስቀድሞ የተከፈለ ዋጋ ነው። በአገራችንም አልቃሽ በለቅሶ ቤት ስትቆም ለሟቹ ባዳ ልትሆን ትችላለች፤ ዋጋም ትቀበላለች። የምትገጥመው ግጥም ግን ቃል ላጠራት እናት ቃል፣ እንባዋ ለደረቀባትም እኅት እንባ ይሆናል። ስለዚህ የባለሙያ ቅንነት በዚያች ሰዓት የራሱ ልብ ቆስሎ እንደ ሆነ በመጠየቅ አይታወቅም፤ የሌላውን ቍስል ሳያጋንንና ሳያቃልል በመግለጡ ይታወቃል።

ሌላም መመርመር የሚገባው ነገር አለ፤ እርሱም የአዋቂዎች ንቀት ነው። ካናዳዊው የሙዚቃ ሐያሲ ካርል ዊልሰን የዚህችን ዘፋኝ ዘፈን የማይወድ ሰው ነበር። ነገር ግን «ስለምን ጠላሁት?» ብሎ ራሱን መረመረና በ1997ቱ አልበም ስም የሰየመውን መጽሐፍ በ2007 አሳተመ። ንቀቱም ከጆሮው ብቻ እንዳልመጣ ተገነዘበ። ፈረንሳዊው ሊቅ ፒየር ቡርዲዮም በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው «ይህ ያምራል፤ ያ ግን ተራ ነው» ሲል ብዙውን ጊዜ ከበታቹ ካለው ሰው ራሱን መለየቱ እንደ ሆነ አሳይቷል። እንግዲህ በዘፈኑ የሚስቅ ሰው፣ ምናልባት የሚስቀው በዘፈኑ ሳይሆን በሚያለቅሰው ድኻ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ቢባልም የብዙ ወጪ አደጋ አይካድም። ብዙ ገንዘብ የወጣበት ሥራ ብዙ ገንዘብ መመለስ አለበት፤ ስለዚህ ማንንም ላለማስቀየም ይጠነቀቃል። ለሁሉ ይስማማ ዘንድ ሲለሰልስ እውነት ያላትን ሸካራነት ያጣል። ኀዘንም ያለ ምሬት፣ ፍቅርም ያለ ግዴታ የቀረበ እንደ ሆነ ጣፋጭ ይሆናል እንጂ አይመግብም። አውግስጢኖስ በ400 ዓመት ግድም በጻፈው «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ስለ ቲያትር ሲናገር፣ ተመልካቹ እንዲያዝን ብቻ እንጂ እንዲረዳ አልተጠራም ብሎ ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነው።

ሴሊን ዲዮን በ2022 ጡንቻን የሚያደርቅ ብርቱ የነርቭ ሕመም እንደ ያዛት ለዓለም አስታወቀች። ገንዘብ ኦርኬስትራ ይሰበስባል፣ ስመ ጥሮችን ይጠራል፤ የታመመ ጉሮሮን ግን እንደ ቀድሞው አድርጎ መመለስ አይችልም። ሆኖም በ2024 በጁላይ 26 ቀን፣ በፓሪስ የኦሎምፒክ መክፈቻ ላይ፣ በኤፍል ግንብ ቆማ የኤዲት ፒያፍን ዘፈን ዘፈነች። ከዚያ በፊት በድምፅዋ ይስቁ ከነበሩት መካከል ያን ምሽት ዝም ያሉ ጥቂቶች አይደሉም፤ ከድምፁ በስተኋላ ያለውን ዋጋ አይተዋልና።

እንግዲህ በውድ ዘፈን ያለቀሰ ሰው በእንባው ሊያፍር አይገባም። ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው ሌላ ነገር አለ። በዘፈን ስለ ተለዩት ፍቅረኞች የፈሰሰው እንባ፣ በጎረቤት ደጅ ለተቀመጠችው መበለት እግሩን ወደዚያ አንሥቷልን? አንሥቶ ከሆነ፣ ዘፈኑ በስንትም ቢሠራ አልተወደደም፤ ካላነሣው ግን፣ ያለ ዋጋ የተዘፈነ እንኳ ቢሆን ለሰሚው ተወድዶበታል።