በቀኝ ወንበር

«መሪው ያንተ ነው።» «መሪው የኔ ነው።» «መሪው ያንተ ነው።»

ሁለት መሪ ባለው የማሠልጠኛ አውሮፕላን ውስጥ ይህ ሦስት ጊዜ ይባላል። የሚያስረክበው ይናገራል፣ የሚረከበው ይደግማል፣ ያስረከበው ያረጋግጣል። አንዷ ከጎደለች ሁለቱም ሌላው ይዞታል ብለው እጃቸውን ሊያነሡ ይችላሉ።

ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ማናሰስ አየር ማረፊያ፣ ለበረራ መምህርነት ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። ማታ ማታ ዋሽንግተን የመኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራለሁ፤ የማስተማር ዘዴውን መጽሐፍ የማነበው እዚያ ባለች ጠባብ ክፍል ቁጭ ብዬ ነው። ለንግድ አብራሪነት ፈቃድ የሚያስፈልገውን 250 ሰዓት ከሞላ ጎደል በግራ ወንበር በርሬ ጨረስኩ። መምህር ግን የሚቀመጠው በቀኝ ነው። በቀኝ እጄ የለመድኩት ስሮትል፣ የሞተሩ ጉልበት መቆጣጠሪያ፣ ወደ ግራ ዞረ፤ የማኮብኮቢያው መሀል መስመር እንኳ ቦታውን የለቀቀ ይመስላል።

ማወቄን የምፈትነው ለባለቤቴ በማስረዳት ነው። ከእራት በኋላ ወረቀት አጥፌ ክንፍ እሠራለሁ። ስቶል ሲባል ሰው ሞተር የጠፋ ይመስለዋል። ሞተሩ ደህና እየሠራም ክንፉ ለአየሩ ከልክ በላይ ቀና ሲል፣ አየሩ ከክንፉ ጀርባ ይላቀቅና መሸከሙን ይተዋል። መድኃኒቱ አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ ነው። «እየወደቀ ደግሞ ወደ ታች?» አለችኝ። ዝም አልኩ። በእንግሊዝኛ ስመልሰው የኖርኩት የሸመደድኩትን እንደነበረ ያን ማታ ገባኝ፤ ለእሷ የሚሆን መልስ እስካገኝ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ከመብረሬ በፊት በነበረው ሳምንት የሆነው ነገር ግን ከአእምሮዬ አይወጣም። በሴስና 172 ለማረፍ እየወረድን ነው። መሬቱ የደረሰ መስሎኝ መሪውን ቀድሜ ሳብኩት። አውሮፕላኑ መልሶ ተንሳፈፈ፣ ፍጥነቱ ሟሸሸ፣ የስቶል ማስጠንቀቂያው ጮኸ። መምህሬ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ ናቸው። በድንጋጤ ጉልበት ሰጠሁ፣ አፍንጫውን ትንሽ ለቀቅኩት፣ ጎማው መሬቱን መታው፤ ቆምን። «አንድ ሰከንድ ብትዘገይ እወስድብህ ነበር» አሉኝ። ከአውሮፕላኑ ሲወርዱ ግን ከኋላ አየኋቸው። የሸሚዛቸው ጀርባ በላብ ርሶ ገላቸው ላይ ተለጥፏል። ቀኑ የጥቅምት ብርድ ነበር።

ልጅ ሆኜ ዳዊት ስደግም የኔታም እንዲሁ ነበሩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ ቃል ስስት «እህ?» ብለው ዝም ይላሉ። ተመልሼ ራሴ አገኘዋለሁ።

ያልገባኝ ዝምታ ግን አለ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ታናሽ ወንድሜ በመኪና አደጋ ሞተ፤ 22 ዓመቱ ነበር። ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ «እግዚአብሔር ያውቃል» ይለኝ ነበር። ካወቀ ለምን እጁን አልዘረጋም? ጴጥሮስ ባሕሩ ላይ መስጠም ሲጀምር እጅ መጥቶለታል። ለወንድሜ አልመጣም።

ሰው በነጻ ፈቃድ ተፈጥሯል፣ መሪው በእውነት ተሰጥቶታል የሚለውን ትምህርት አምናለሁ። መሪውን የማይለቅ መምህር አብራሪ አያወጣም። ይህ መልስ ግን ለወንድሜ አይበቃም፤ የተሳሳተው እሱ አልነበረም፣ ከፊት ለፊት የመጣው ሹፌር ነው። የአንዱን ተማሪ ስህተት ሌላው በሕይወቱ የሚከፍልበትን ትምህርት ቤት ማን ደግ ይለዋል? ሐዘንተኛ ፊት ቆሜ «ለትምህርት ነው» አልልም፤ የሚል ሰው ስሰማም ይከፋኛል።

እኔን የያዘኝ ያ የራሰ ሸሚዝ ነው። መምህሬ ዝም ያሉት መሬት ላይ ቆመው አልነበረም። በአንድ አውሮፕላን ውስጥ ነበርን፤ እኔ ብወድቅ አብረውኝ ይወድቃሉ። አማኑኤል የሚለውን ስም ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠራ ኖሬአለሁ፤ «ከእኛ ጋር» ማለት በዚያች ጠባብ ጓዳ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተነካክቶ አብሮ መውረድም እንደሆነ ግን አስቤው አላውቅም ነበር። ዝም ያለው ርቆ ተቀምጦ የሚመለከት ነው ብዬ ስቆጣ ኖሬአለሁ። አብሮ የወረደ፣ መስቀል ላይም የዋለ ከሆነ ግን ጥያቄዬን የማቀርበው አጠገቤ ላለ ነው። ጥያቄው አልተመለሰም። መጸለይ ግን ጀምሬአለሁ።

ባለፈው ሐሙስ መምህሬ እንደ ጀማሪ ሆነው በግራ ተቀመጡ፤ እኔ በቀኝ። ልምምዱ እንዲህ ነው፤ እሳቸው ሆን ብለው ይሳሳታሉ፣ እኔ ምን ያህል መታገሥ እንዳለብኝ እማራለሁ። «መሪው የእርስዎ ነው» አልኩ። ተባባልን። ማኮብኮቢያው ላይ ስንደርስ ያን ቀን እኔ እንዳደረግኩት ቀድመው ሳቡት። ማስጠንቀቂያው ገና ሳይጮህ እጄ ከጉልበቴ ተነሥቶ መሪውን ጨብጧል።

«ቸኮልክ» አሉኝ። ጀርባዬ ርሷል። ጉልበት ሰጥተን ወጣንና ለሌላ ዙር ወደ ግራ ታጠፍን።