በቅጽበት ስለ መወሰንና ስለ እውነተኛ ብርታት

አበው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ። ማስተዋል ጊዜ ይሻልና ምክሩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ለማሰላሰል ፋታ የማይሰጡ ሁኔታዎች በሰው ሕይወት ሞልተዋል። ታዲያ ሰው በቅጽበት የሚያደርገው ውሳኔ በእርግጥ የራሱ ነውን? ስለ እርሱስ ሊመሰገን ወይም ሊወቀስ ይገባዋልን? ይህን ጥያቄ ለብዙ አንባብያን እንግዳ በሚመስል ምሳሌ፣ ይኸውም የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሚጫወቱት ፉትቦል እንመረምራለን።

ጨዋታው እኛ እግር ኳስ ከምንለው የተለየ ነው። በየወገኑ 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ኳሱን የያዘው ቡድን በ4 ሙከራ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ያህል፣ ወደ ፊት መግፋት ይኖርበታል። በእያንዳንዱ ሙከራ ኳሱን ተቀብሎ ለማን እንደሚወረውር ወይም ይዞ እንደሚሮጥ የሚወስነው ኳርተርባክ የሚባለው ተጫዋች ነው። ተከላካዮቹ ሊጥሉት እየተንደረደሩበት ሳለ፣ ለመወሰን ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ3 ሴኮንድ እምብዛም አይበልጥም። ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ በከፍተኛው ምድብ አሰልጣኙ በራስ ቁሩ ውስጥ ባለ ሬዲዮ መመሪያ እንዲሰጠው ተፈቅዷል፤ ሆኖም ሙከራውን ለመጀመር ከተመደበው ጊዜ 15 ሴኮንድ ሲቀር መስመሩ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ ወጣቱ ያለ መካሪ ይቀራል።

አሪስቶትል ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ ሦስተኛ ክፍል፣ በድንገተኛ አደጋ ሳይናወጥ የሚቆም ሰው አስቀድሞ በታወቀ አደጋ ከሚጸናው ይልቅ ደፋር መሆኑን ያስተምራል። የታወቀውን አደጋ በስሌት መጋፈጥ ይቻላል፤ ለድንገተኛው ግን የሚመልሰው ቀድሞ የተገነባው ጠባይ ነው። ኳርተርባኩም በ3 ሴኮንድ ውስጥ አዲስ ሐሳብ አያመነጭም። የተጋጣሚውን ፊልም ደጋግሞ ያየባቸው ምሽቶች፣ እግሩንና ዓይኑን ያሠለጠነባቸው ወራት በዚያች ቅጽበት ይናገራሉ። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ፈጣኑ ውሳኔ የዝግታ ፍሬ ነው። ስለዚህ ውሳኔው የራሱ ነው፤ ኃላፊነቱም የሚጀምረው በቅጽበቷ ሳይሆን በዝግጅቱ ዘመን ነው።

ጥር 8 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. አላባማና ጆርጅያ ለብሔራዊ ሻምፒዮንነት በአትላንታ ተጋጠሙ። አላባማ እስከ እረፍት 13 ለ 0 ተመራ። አሰልጣኙ ኒክ ሴበን ቡድኑን ለሁለት ዓመት የመራውን ጄለን ኸርትስን አስቀምጦ የአንደኛ ዓመቱን ተማሪ ቱአ ታጎቫይሎአን አስገባ። ወጣቱ አንድ ኳስ ለተጋጣሚው ቢያስነጥቅም ቡድኑ 20 ለ 20 አቻ ደረሰ። በተጨማሪው ጊዜ ጆርጅያ 23 ለ 20 ከመራ በኋላ፣ ታጎቫይሎአ በመጀመሪያው ሙከራ ኳሱን ሳይለቅ ተይዞ ቡድኑን 16 ያርድ ወደ ኋላ መለሰው። በሚቀጥለው ሙከራ ግን የኋላውን ተከላካይ በዓይኑ አታሎ በሌላው በኩል ለሮጠው ለዴቮንታ ስሚዝ 41 ያርድ ወረወረ፤ ጨዋታውም 26 ለ 23 አለቀ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን እንለይ። አንደኛ፣ ውሳኔ በውጤቱ ብቻ አይመዘንም። ስሚዝ ኳሱ ከእጁ ቢያመልጠው ኖሮ የወርዋሪው ማስተዋል አይቀንስም ነበር፤ በግድየለሽነት የተወረወረ ኳስ በዕድል ቢያዝም ግድየለሽነቱ ጥበብ አይሆንም። ሁለተኛ፣ የመንፈስ ጥንካሬ ማለት አለመሳሳት ማለት አይደለም። ስሕተትን አምኖ፣ ነገር ግን ሸክሙን ወደሚቀጥለው ሥራ ሳይወስዱ መነሣት ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ከዚያ ሌሊት የበለጠ የሚያስተምረን የተቀመጠው ወጣት ነው። ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ የብርታት ዋና ተግባር ማጥቃት ሳይሆን መታገሥ መሆኑን ያስረዳል፤ የሚታገሥ ሰው የሚገጥመው ከእርሱ የሚበረታውን ነው፣ አደጋው በፊቱ ቆሟል፣ ትግሉም ረጅም ጊዜ ይወስዳልና። ኸርትስ በሕዝብ ፊት ቦታውን ካጣ በኋላ ሳይሄድ ተተኪ ሆኖ ልምምዱን ቀጠለ። ታኅሣሥ 1 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. በዚያው ስታዲየም፣ ከዚያው ጆርጅያ ጋር በተደረገ የምድብ ፍጻሜ፣ ታጎቫይሎአ ሲጎዳ ገባ። ቡድኑ 28 ለ 21 እየተመራ ነበር፤ ኸርትስ አቻ አድርጎ በመጨረሻ ራሱ ሮጦ 35 ለ 28 አሸነፈ። በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. በባለሙያዎች ሻምፒዮና በሱፐር ቦውል የጨዋታው ምርጥ ተብሎ ተሸልሟል። ሽልማቱ ባይመጣም እንኳ ሳይታይ የታገሠባቸው ወራት ዋጋቸው ያው ነበር።

ብርታት የሚመስል ሐሰትም አለ። ሕመምን መደበቅ ጀግንነት የሚመስላቸው ጥቂት አይደሉም። ታጎቫይሎአ በባለሙያነት ዘመኑ፣ መስከረም 25 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ተመትቶ ሲንገዳገድ ከታየ በኋላ ወደ ሜዳ ተመለሰ፤ ከ4 ቀን በኋላ በሌላ ጨዋታ ራሱን ተመትቶ በቃሬዛ ወጣ። በጥቅምት ወር ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር ሚዛኑን የሳተ ተጫዋች በዚያ ቀን ዳግም እንዳይጫወት ደንቡን አጠበቁ። ማስተዋል የጎደለው ብርታት ድፍረት ብቻ ነው፤ ወጣቱን «ቻለው» እያሉ ወደ ጉዳት የሚገፉ ታላላቆችም ከተጠያቂነት አያመልጡም።

እንግዲህ ይህ ጉዳይ የኳስ ሜዳ ብቻ አይደለም። ሕፃን ድንገት መንገድ ሲያቋርጥበት የሚያይ ሾፌር፣ በሌሊት ብቻዋን ተረኛ የሆነች ነርስ፣ ልጁ ጥፋቱን በድንገት የሚነግረው አባት፣ ሁሉም የየራሳቸው 3 ሴኮንድ አላቸው። ያን ጊዜ መካሪ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ፋታ ባለን በዛሬው ቀን፣ በትንሹ ሥራችንና በአነጋገራችን፣ ያን ጊዜ ልንሆን የምንፈልገውን ሰው ልንለማመድ ይገባናል።