ለሰብለ ያለቀሰችው እህት

 

በዚህ ሳምንት ከአዘዞ አንዲት እህት በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። ታላቅ ወንድሟ ከፍራሿ ሥር «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አግኝቶ ወስዶባታል። «የዝሙት መጽሐፍ እኛ ቤት አይገባም» ብሏታል። መጽሐፌን አስመልሱልኝ ብላ አይደለም የጻፈችው። ጥያቄዋ ሌላ ነው፤ «ሰብለ በዛብህን ዓባይ በረሃ ውስጥ ሊሞት ሲያጣጥር ስታገኘው አለቀስኩ። ማልቀሴ ያደረጉትን መውደዴ ነው ወይ?» ትላለች።

ቀላል መስሎኝ በሁለት መስመር ልመልስላት ጀምሬ ነበር። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ ደግሜ ጻፍኩ። በመጨረሻ ለጁሙዓ ላቆየው አልኩ።

መጽሐፉን ላላነበባችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ልብ ወለድ ነው። ወላጆቻችን በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ያውቁታል። ታሪኩ ጎጃም ውስጥ፣ በባላባት ዘመን ነው። በዛብህ ወላጆቹ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት የድሃ ልጅ ነው፤ ሰብለ ወንጌል ደግሞ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ። ሊያስተምራት ይመጣል፤ ብቻቸውን ይቀመጣሉ፤ ይዋደዳሉ።

እስከዚህ ድረስ ወንድምየው ልክ ነው። ኸልዋ ለምን እንደተከለከለ ለማስረዳት የሚፈልግ ኡስታዝ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኝም። ነገር ግን መጽሐፉ እዚያ ላይ አያልቅም። ሰብለ ከበዛብህ በፊት ጠያቂ ጠፍቶባት አልነበረም። ሽማግሌ ይመጣል፣ ይመለሳል፤ ሌላው ይመጣል፣ እሱም ይመለሳል። «ዘሩ አይመጥነንም» እየተባለ ልጅቱ ዕድሜዋ አለፈ። የአባትየውን ቤት ያፈረሰው የተማሪው በዛብህ መምጣት ብቻ ነው ብሎ የሚፈርድ አንባቢ የመጽሐፉን ግማሽ ዘሎታል።

አሁን ወደ እንባዋ ልምጣ። ማዘንና ማጽደቅ አንድ ናቸው?

በቡኻሪ የተዘገበውን የሙጊስንና የበሪራን ታሪክ አስታውሱ። በሪራ ባሪያ ነበረች፤ ነጻ ስትወጣ ከባሏ ጋር የመቆየት ወይም የመለየት ምርጫ ተሰጣት፤ መለየትን መረጠች። ሙጊስ በመዲና መንገዶች እንባው በጺሙ ላይ እየወረደ ይከተላት ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይህን አይተው የሱን መውደድና የሷን አለመፈለግ ለአጎታቸው ለዐባስ በመገረም አነሱላቸው። ለሙጊስም አዝነው በሪራን ብትመልሺው አሏት። እሷም ትእዛዝ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። አይደለም፣ አማላጅ ነኝ አሏት። እንግዲያው አልፈልገውም አለች። ነገሩም በዚያው አበቃ።

እዚህ ታሪክ ላይ ደጋግሜ እቆማለሁ። ለሙጊስ ማዘን የበሪራን መብት አልሰረዘም። የበሪራ መብት መጠበቁም ሙጊስን መሳቂያ አላደረገውም። ለሚያለቅሰው ሰው ራራንለት ማለት የፈለገውን ሁሉ እንስጠው ማለት አይደለም። እና እህቴ፣ ለሰብለ ያፈሰስሽው እንባ ፈትዋ አይደለም። መጽሐፉን ዘግተሽ «ፍቅር ካለ ሁሉም ይፈቀዳል» ብለሽ ከተነሳሽ ያኔ እንነጋገራለን። «ይህች ልጅ በወግ የምትዳርበት በር ክፍት ቢሆን ኖሮስ?» ብለሽ ከተነሳሽ ግን በደንብ አንብበሻል።

ይህን ስል ሁሉንም መጽሐፍ እያጸደቅኩ አይደለም። ስሜት ለመቀስቀስ ብቻ የተጻፈ፣ ዘመኑን እንደ ቀሚስ የሚያለብሰው ብዙ አለ። እሱን ለመለየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ አንባቢው ራሱ ልቡ ያውቀዋል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ በእውን የኖሩ ሰዎች ላይ የሚጻፈው የፍቅር ታሪክ ነው። ሰብለ አልኖረችም፤ ብንፈርድባት የምትበደል ነፍስ የለችም። ተዋበች ግን ኖራለች። ጥሩወርቅም ኖራለች።

ለጎንደር ልጅ ታሪክ ሩቅ አይደለም። አዘዞ ላይ የሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስ አለ፤ ከከተማው እየወጣ በአውሮፕላን የሚሄደውም ቴዎድሮስ በሚል ስም በተጠራው ማረፊያ ነው የሚሳፈረው። ጎንደር የተወለደው ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ»ን፣ አቤ ጉበኛም «አንድ ለናቱ»ን ጽፈውልናል። ከመጻሕፍቱ ውጭም በየቤቱ፣ በየቡናው የሚወራ የቴዎድሮስና የተዋበች ፍቅር አለ። በዚያ ወሬ ተዋበች ታማኟ ናት፤ ከአባቷ ከራስ ዓሊ ይልቅ ባሏን የመረጠች። እ.ኤ.አ. በ1858 ስትሞት የንጉሡ ልብ አብሮ ሞተ ይባላል። በኋላ የመጣችው ጥሩወርቅ ደግሞ ኩሩዋ፣ ቀዝቃዛዋ ናት። እኛም ስንሰማ ተዋበችን ወደን ጥሩወርቅን ጠልተን እንነሳለን።

ቆም ብለን እናስብ እንጂ። ጥሩወርቅ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናት። ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1855 ደረስጌ ላይ አባቷን ድል አድርጎ አሰረ፤ በቀናት ውስጥም እዚያው ደረስጌ፣ አባቷ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ጫነ። ከዓመታት በኋላ ይህ ሰው ባሏ ሆነ። አባቷን ካሰረው ሰው ጋር በአንድ ማዕድ የምትቀመጥ ሴት ፊቷ ባይፈካ ማነው የሚፈርድባት? ቁርኣን ለሰዎች ያለን ጥላቻ ፍትሕ ወደማጓደል እንዳይወስደን ያዛል። ይህ ለሞቱትም አይሠራም ያለን የለም። ሐሜት በሕይወት ባለ ሰው ላይ ብቻ የሚመስለን ካለን ተሳስተናል።

ሌላም አለ። ራስ ዓሊ የእቴጌ መነን ልጅ ናቸው፤ መነን ደግሞ የወሎው ኢማም ሊበን ልጅ፣ በእስልምና ተወልደው ያደጉ ሴት ነበሩ። የምናለቅስላት የተዋበች ቅድመ አያት ኢማም ነበሩ ማለት ነው። ይህን ከፍቅር ወሬው ውስጥ ሰምታችሁት ታውቃላችሁ? እኔ ከታሪክ መጽሐፍ ነው ያገኘሁት። እ.ኤ.አ. በ1668 በዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በተደረገው ጉባኤ ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ የተወሰነባቸው የጎንደር ሙስሊሞች፣ የአዲስ ዓለም ሸማኔዎችና ነጋዴዎች፣ ለነገሥታቱ ልብስ የሸመኑ፣ ዕቃቸውን ከባሕር ማዶ ያስመጡ ሰዎች ነበሩ። የእነሱ ልጆችም ተዋድደዋል፣ ተለያይተዋል፣ እ.ኤ.አ. በ1866 ከተማዋ በቴዎድሮስ ትእዛዝ ስትቃጠል አልቅሰዋል። ያንን የሚተርክ ልብ ወለድ እስካሁን እጄ አልገባም። ለወቀሳ አይደለም ይህን ማለቴ፤ ያልጻፍነው እኛ ነን። አያቶቻችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬ ከዐስር በኋላ ሄዳችሁ ጠይቋቸው።

ይህ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። ቤይሩት ተወልዶ ካይሮ የኖረው ክርስቲያኑ ጁርጂ ዘይዳን እ.ኤ.አ. ከ1891 ጀምሮ እስከሞተበት እስከ 1914 ሃያ ሁለት ያህል ታሪካዊ ልብ ወለዶች ጽፏል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም በእስልምና ታሪክ ላይ ናቸው፣ የፍቅር ታሪክም አያጣቸውም። የዐረቡ ዓለም ወጣት በጉጉት አነበባቸው። ብዙ ዑለማዎች ደግሞ ታሪክን ለፍቅሩ ሲል አጣመመ ብለው ተቆጡ። ሁለቱም ወገን የሚለው አለው። ታሪኩን ከሱ የተማረ ወጣት ነበረ፤ ከሱ ብቻ የተማረው ግን የልብ ወለዱን ሰው እንደ እውነተኛው ሰው ይዞት ቀረ።

ሱረቱ ዩሱፍን ዛሬ ስትቀሩ ሁለቱን ቀሚሶች ልብ በሏቸው። ወንድሞቹ ማታ እያለቀሱ መጡ፤ ቀሚሱ የዩሱፍ ነበር፣ ደሙ ግን የሱ አልነበረም። ታሪካዊ ልብ ወለድም እንዲሁ ነው፤ ቀሚሱ እውነት፣ ደሙ የደራሲው። ልዩነቱ ደራሲው አስቀድሞ «ልብ ወለድ ነው» ብሎ ሽፋኑ ላይ መጻፉ ነው፤ ስለዚህ እሱ አልዋሸም። ውሸቱ የሚመጣው እኛ ደሙን ይዘን ሄደን ሰው ላይ ስንመሰክር ነው። ሁለተኛው ቀሚስ በዐዚዝ ሚስት ነገር የቀረበው ነው። እዚያ ማን አለቀሰ ተብሎ አልተጠየቀም፤ ቀሚሱ ከፊት ነው ከኋላ የተቀደደው ተባለ፣ ታየ፣ ተፈረደ። በነገራችን ላይ፣ ያ ሱራ የሴትን ምኞት፣ የተዘጉ በሮችን፣ የከተማውን ሴቶች ወሬ ሳይደብቅ ይተርካል፤ ከሚያስፈልገው በላይ ግን አንዲት ቃል አይጨምርም። መጽሐፍ ስትመርጡ እኔ የምለካበት ልክ ይህ ነው።

ይህን ሁሉ ጽፌ ልለጥፈው ስል የእህታችንን መልእክት ደግሜ ከፈትኩት። ከታች፣ ከሰላምታው ቀጥሎ፣ መጀመሪያ ሳነብ ያለፍኩት አንድ መስመር አለ። ባለፈው ሸዋል አንድ ዲኑም ጠባዩም የተመሰከረለት ልጅ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ወንድሟ መልሶታል። ምክንያቱ የልጁ አያት ሸማኔ መሆናቸው ነው።

ወንድሜ፣ ይህን ጽሑፍ እህትህ ታሳይህ ይሆናል። መጽሐፉ አሁን አንተ ዘንድ ነው። ከመጣልህ በፊት ፊታውራሪ መሸሻ ጠያቂዎቹን የሚመልሱበትን ክፍል አንብበው።