ዕዳም ያድጋል?

እንግሊዝኛ የሚወራበት ቢሮ ውስጥ የሠራ ሰው "ግሮውዝ" የምትለዋን ቃል በቀን ስንቴ እንደሚሰማት ያውቃል። የተጠቃሚ ግሮውዝ፣ የገቢ ግሮውዝ፣ የግል ግሮውዝ። እኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች ጋ ደግሞ ከቃልነት አልፋ የሥራ ክፍል ሆናለች፤ "ግሮውዝ ቲም" ይባላል፣ ወንበርም በጀትም አለው። እስካሁን በተቀመጥኩባቸው ስብሰባዎች "የምናድገው ለምንድነው?" ብሎ የጠየቀ ሰው አልገጠመኝም። "በስንት ፐርሰንት?" የሚል ግን ሞልቷል።

ቃሏ እንዲህ የምትከበረው ያለ ምክንያት አይደለም። በእንግሊዝኛ ማደግ ማለት የሆነው ግሮው፣ አረንጓዴ ማለት የሆነው ግሪን እና ሣር ማለት የሆነው ግራስ ከአንድ ጥንታዊ ሥር የወጡ ዘመዳሞች ናቸው። ስለዚህ ቃሏ ስትነሳ ዝናብ የጠገበ መስክ ይዛ ትመጣለች። ቋንቋው ሌላ ቃል ቸግሮት አይደለም እኮ። በቁጥር ለሚጨምር ነገር ኢንክሪስ አለው፤ ለሚሰፋ ኤክስፓንድ፣ ለሚያብጥ ስዌል፣ ለሚበስል ማቹር። ቢሮው ግን ከሁሉም መርጦ መስኩን ወሰደ። "ተጠቃሚዎቻችን ጨመሩ" ቢባል አንዱ ተነስቶ "እና ምን ይጠበስ?" ሊል ይችላል። "አደግን" ሲባል ግን ማን ይቃወማል? የሚገርመው፣ ያው ቃል ሐኪም ቤት ሲገባ ሰውነት ላይ ያለ ቦታው የበቀለ እባጭም ግሮውዝ ይባላል።

አማርኛ ነገሩን በአንድ ቃል አያልፈውም። ልጅ ያድጋል። እህል ይበቅላል። ሊጥ ኩፍ ይላል፣ በሬ ይደልባል፣ ከብት ይረባል፣ ወንዝ ይሞላል፣ ከተማ ይሰፋል። ዋጋ ይንራል፣ ዕዳ ይከመራል። ችግኝ ደግሞ ይጸድቃል፤ የተተከለ ሁሉ ስለማይጸድቅ፣ በየክረምቱ "ይህን ያህል ተተከለ" ሲባል "ስንቱ ጸደቀ?" ብለን የምንጠይቅበት ቃል አለን። እያንዳንዱ ግሥ ስለሚጨምረው ነገር የራሱን ፍርድ ይዞ ይመጣል። ገበያ መሀል ቆማችሁ "የዘይት ዋጋ አደገ" ብትሉ ሰሚው ዞር ብሎ ያያችኋል። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን ጎረቤቱን "እንኳን አደገልን" ያለ ሰው አላውቅም።

እኔ ይሄን ልዩነት ያገኘሁት ከመዝገበ ቃላት ሳይሆን ከሥራ ነው። በስልክ ቁጠባና ብድር የሚሰጥ መተግበሪያ ላይ ስሠራ የእንግሊዝኛ ጽሑፎቹን ወደ አማርኛ መመለስ ለእኔ ደረሰኝ። ፋይሉ ውስጥ ሦስት መልእክቶች ተከታትለው ተቀምጠዋል፣ በሦስቱም ያው ቃል አለ። ቁጠባዎ አድጓል። ሊበደሩ የሚችሉት መጠን አድጓል። ያልከፈሉት ዕዳ አድጓል።

የመጀመሪያው አላስቸገረኝም። ሦስተኛው ላይ እናቴ መነጽሯን አድርጋ ስታነበው ታየኝ፤ የሆነ ሰው እየቀለደባት ነው የሚመስላት። "ያልከፈሉት ዕዳ በቅጣት ምክንያት ጨምሯል" ብዬ ጻፍኩት። አስቸጋሪው መሀለኛው ነበር። በእንግሊዝኛው "እንኳን ደስ አለዎት" ተጨምሮበት፣ ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ወረቀት እየተበተነ ነው የሚመጣው። እኔ "ከአሁን በኋላ እስከዚህ መጠን ድረስ መበደር ይችላሉ" ብዬ አሳጠርኩት።

ግሮውዝ ቲሙን የሚመራው ልጅ ጠራኝ። "ይሄ ቀዝቃዛ ነው። 'እንኳን ደስ አለዎት፣ ጣሪያዎ አድጓል' በለው፣ ሰው ይነካዋል።"

"ጨመረ የምንለው እኮ መበደር የሚችለውን ነው። ሰውየው ምኑ አደገ?"

"ብር ያስፈልገዋል አይደል? ማንም አላስገደደውም።"

ልጁ ክፉ ሰው አይደለም፣ መከራከሪያውም ቀላል አይደለም። ሦስተኛው መልእክት እኔ እንዳልኩት ቀረ፣ ሁለተኛው እሱ እንዳለው ወጣ። ትንበያውም ልክ ነበር፤ ብዙ ሰው ነካው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ቁጥሩ እውነት ሆኖ ግሡ ሊዋሽ ይችላል ወይ? በመልእክቱ ውስጥ አንድም የተሳሳተ አኃዝ የለም። ብሩም አለ፣ መበደርም ይቻላል። ቢሆንም እኔ ይዋሻል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም "አደገ" የሚለው ግሥ በአማርኛ ሁለት ነገሮችን አብሮ ቃል ይገባል።

አንደኛው አሳዳጊ ነው። ልጅ ብቻውን አያድግም፤ ያሳደገው አለ፣ ምስጋናውም ወቀሳውም እሱ ዘንድ ይደርሳል። ጠባዩ የተበላሸን ሰው "አሳዳጊ የበደለው" የምንለው ለዚህ ነው። "ስድ አደግ" የሚለውን ስድብም አስቡት። ሰውየው ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ማደጉን ማንም አልካደውም፣ ስድቡ ያለው አስተዳደጉ ላይ ነው። በሌላ በኩል አንድ ልጅ የትልቅ ሰው ዕቃ ተቀብሎ ሲሸከም "እደግ፣ ተመንደግ" ይባላል። ምርቃቱ የሚመጣው መጀመሪያ ልጁ ደግ ሆኖ ከታየ በኋላ ነው። የብድር ጣሪያ ሲጨምር ግን አሳዳጊው ማን ነው? መክፈል ሲያቅተው ተበዳሪው ብቻውን ነው የሚቀረው። እንኳን ደስ አለህ ያለው አካል ያን ቀን የሚልክለት ቅጣት ነው።

ሁለተኛው መብቃት ነው። ጤና ጣቢያ የሕፃናት እድገት የሚመዘገብበትን ሰንጠረዥ አይታችሁ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣቸው መለኪያዎች ከልደት እስከ 5 ዓመት ድረስ ያለውን ዕድሜ ይይዛሉ። የሕፃኑ ክብደት ከቁመቱ ጋር ሲነጻጸር ከታችም ከላይም መስመር አለው። ከታችኛው ከወረደ ከስቷል፤ ከላይኛው ካለፈም ነርሷ ዝም አትልም። እኛ ቢሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ግራፍ ግን የላይኛው መስመር የለውም። ወደ ላይ እስከሄደ ድረስ ጤነኛ ነው።

ለዚያ የላይኛው መስመር አማርኛ "በቃ" የሚል ቃል አለው። "ይበቃል" እና "ብቃት" አንድ ሥር ናቸው። ወጡ በቃ ስንል ከዚህ በላይ አያስፈልግም ማለታችን ነው፤ ልጁ ለሥራው በቃ ስንል ደግሞ ብቁ ሆነ ማለታችን ነው። በገዳም ያሉ አባትን "የበቁ ናቸው" የምንለው ትልቅ ማዕረግ ላይ ደረሱ ብለን ነው። በዚህ ቋንቋ መድረስና ማቆም አይጣሉም።

"በቃ የሚለው የጠገበ ሰው ነው፣ እኛ ገና ነን" ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በኢትዮጵያ ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። እነሱ ፊት ቆሞ እድገትን ማጣጣል ነውር ነው። ግን ይሄ ቁጥር የተገኘው እንዴት እንደሆነ እዩ፤ አንድ አንድ ሕፃን እያቆሙና እያስተኙ ቁመቱን በመለካት ነው። የሀገር እድገት የምንለው ጥቅል አኃዝ ብቻውን ስለ እነዚህ ልጆች አይነግረንም። የአሜሪካን ብሔራዊ ገቢ አሰላል ያደራጀው ሳይመን ኩዝኔትስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1934 ለሀገሩ ሴኔት ባቀረበው ሪፖርት የሕዝብን ደኅንነት ከዚህ ቁጥር መገመት እንደማይቻል አስጠንቅቋል። በ1962 ደግሞ "እድገት ይጨምር" የሚል ሰው የምን እድገት፣ ለምን ዓላማ እንደሆነ መናገር አለበት ሲል ጻፈ። ሜትሩን የሠራው ሰውዬ ነው እንግዲህ ሜትሩ የማይለካውን የነገረን።

አማርኛንም ንጹሕ አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም። ዴቨሎፕመንትን "ልማት" ብለን ተረጎምነው፤ የለማ መሬት፣ የታረሰና የሚያበላ መሬት የሚያስታውስ ጥሩ ቃል ነው። ከዚያ ግን "የልማት ተነሺ" የሚል ስም አወጣን። እስቲ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ተነሺ ማለት የሚነሳ ሰው ነው፣ ከወንበር እንደሚነሳ። ቤቱ ፈርሶበት የሄደ ሰው በስሙ ውስጥ ራሱ ብድግ ብሎ የሄደ ይመስላል። አስነሺው የለም። አድራጊውን መሰወር የእንግሊዝኛ ብቻ ተንኮል አይደለም ማለት ነው።

የእኔ ሙያ በአማርኛ "አልሚ" ወይም "አበልጻጊ" ይባላል። ጓደኞቼ በዚህ ስም ሲቀልዱብኝ ኖረዋል፤ እኔ ግን እየወደድኩት መጥቻለሁ። አድራጊው ቃሉ ውስጥ ቁልጭ ብሎ አለ፣ መደበቂያ አይሰጠኝም። "ኮዱ ነው ያመጣው"፣ "ቁጥሩ ነው የመራን" ለማለት አይመችም።

በአንድ ቃል ይህን ያህል መጨቃጨቅ ምን ይጠቅማል የሚል ይኖራል። ግራፉን የምናየው እኛ ነን፤ ግሡን የሚያነበው ግን ባለዕዳው ነው፣ የሚወስነውም ባነበበው ላይ ተመሥርቶ ነው። ስለዚህ "አደገ" ብዬ ከመጻፌ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አሳዳጊው ማን ነው? መብቃቱስ በምን ይታወቃል? መልስ ካጣሁ "ጨመረ" ብዬ አልፋለሁ። "ጨመረ" ደረቅ ቃል ነው፣ ወረቀት አያስበትንም። ግን አንባቢው ስንት እንደጨመረና በማን ላይ እንደጨመረ ቁጭ ብሎ እንዲያሰላ ጊዜ ይሰጠዋል።