አደጋን የጣለው ማን ነው?

ቃል እንደ ሰው ነው፤ በዘመን ብዛት ጠባዩ ይለወጣል። «አደጋ» የሚለው ቃል በቀድሞው አነጋገር የሰው ድርጊት ስም ነበረ። ጠላት ሌሊት ገሥግሦ በተኛ ሰፈር ላይ የወደቀ እንደ ሆነ «አደጋ ጣለ» ይባል ነበር። ስለዚህ አደጋ የሚጣል ነገር ነው፤ የሚጣል ነገር ጣይ አለው፤ ጣይ ያለውም ነገር ተጠያቂ አለው። ዛሬ ግን መኪና በመንገድ ላይ ሰው የገደለ ጊዜ «አደጋ ጣለ» የሚል የለም፤ «አደጋ ደረሰ» ይባላል እንጂ። አደጋውም እንደ ዝናብና እንደ ምሽት በራሱ ጊዜ የሚመጣ ይመስላል። ዳግመኛም «መኪና ገጨው» ይባላል፤ መኪና ግን ነፍስም ፈቃድም የሌለው ብረት ነው። በዚህ አነጋገር ውስጥ ሰውዬው ጠፋ፤ ሰውዬውም ሲጠፋ ዕዳው አብሮ ጠፋ። ይሁን እንጂ ቋንቋ የሸሸገውን የሕዝብ ቀልድ ገልጦታል፤ በከተማና በአውራ ጎዳና የሚበሩትን የጭነት መኪናዎች ሕዝቡ አንዱን «አልቃይዳ»፣ ሌላውን «ቀይ ሽብር» ብሎ ሰይሟቸዋልና። እነዚህ የአደጋ ጣዮች ስሞች ናቸው።

እንግዲህ የሚመረመረው ጥያቄ ይህ ነው፤ ማንም ሳይዶልተው፣ ማንም ሳይመኘው በመንገድ ላይ የሰው ነፍስ የጠፋ እንደ ሆነ ዕዳው የማን ነው? ብዙ ሰው «ቀኑ ደርሶ ነው» ብሎ ይመልሳል። ይህ ቃል በልቅሶ ቤት ሲነገር መልካም ነው። ልጅዋን የቀበረች እናት «ያን ዕለት ባልላክሁት ኖሮ» እያለች ራስዋን ስትወቅስ፣ ሽማግሌ ይህን ተናግሮ ሸክምዋን ቢያቀልላት አይነቀፍም። ያው ቃል ግን ከልቅሶ ቤት ወጥቶ ወደ ፍርድ አደባባይ፣ ወደ መንገድ ሠሪው ቢሮ፣ ወደ መኪናው ባለቤትም ቤት የገባ እንደ ሆነ መጽናኛነቱ ቀርቶ መሸሸጊያ ይሆናል። የሞትን ቀን የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ መሆኑ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ፍሬኑ ያለቀ መኪና ወደ ቍልቍለት የሰደደ ሰው የፈጣሪን ዕውቀት ለራሱ ስንፍና ምስክር አድርጎ ሊጠራው አይገባውም። እንዲህስ ከሆነ ለበሽተኛ ሐኪም፣ ለቤትም መዝጊያ ባላስፈለገ ነበር።

በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1896 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ አንዲት ሴት በአውቶሞቢል ተገጭታ ሞተች። በብሪታንያ አገር በአውቶሞቢል ከሞቱት እግረኞች የመጀመሪያይቱ እርስዋ እንደ ሆነች ይነገራል። ነገሩም ተመርምሮ ድንገተኛ ሞት ነው ተብሎ ተፈረደ፤ መርማሪው ሹምም እንዲህ ያለ ነገር ዳግመኛ እንዳይሆን ተስፋ ማድረጉን ተናገረ ይባላል። በዚያን ቀን «ድንገተኛ» የሚለው ቃል በቦታው ነበረ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለውን ሞት የለመደ ሰው አልነበረምና። ከዚያ ወዲህ ግን የሹሙ ተስፋ ምን ያህል እንደ ራቀ መመልከት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ በዚያው አቈጣጠር በ2021 ዓ.ም. በዓለም ሁሉ በመንገድ ላይ የሞቱት ሰዎች 1 ሚሊዮን 190 ሺህ ያህል ነበሩ። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ልጆችና ወጣቶች ከማንኛውም በሽታ ይበልጥ የሚገድላቸው ይህ የመንገድ ሞት ነው።

አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ድንገት ነው፤ በየዓመቱ በዚያው ልክ የሚመላለስ ነገር ግን ልማድ ነው። በሚመጣው ዓመት በመንገድ ላይ የሚሞቱትን ሰዎች ስማቸውን የሚያውቅ የለም፤ ቍጥራቸውን ግን ያለፉትን ዓመታት መዝገብ የተመለከተ ሰው ሊገምተው ይችላል። ስሙ ያልታወቀ ሰው እንደሚሞት አስቀድሞ ከታወቀ፣ ሊከለከል ሲችልም ዝም ከተባለ፣ ያ ዝምታ ከፈቃድ ጥቂት ብቻ የራቀ ነው። የነገሩ ክብደት በዚህ ላይ ነው።

አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ዛሬም ቢሆን የአፍሪካ አገሮች መኪና ከሌላው ዓለም ጋር ሲመዛዘን ጥቂት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ክፍል ከሚለው አገር ሁሉ የሚገኘው መኪና ከዓለሙ 3 በመቶ ያህል ሲሆን፣ የመንገድ ሟቹ ግን ከዓለሙ 19 በመቶ ነው። በኤውሮጳ አቈጣጠር ከ2010 እስከ 2021 ዓ.ም. የዓለሙ ሞት በ5 በመቶ ሲቀንስ፣ የዚህ ክፍል ሞት በ17 በመቶ ጨመረ። ስለ ኢትዮጵያም ያው ድርጅት በ2016 የነበረውን ሲገልጽ፣ በመንግሥት መዝገብ የተቈጠሩት ሟቾች ከ4 ሺህ ጥቂት ሲበልጡ፣ የድርጅቱ ግምት ግን ወደ 27 ሺህ ደርሶ ነበር። ግምት እንደ ቈጠራ አይታመንም፤ ሆኖም በመንገድ ላይ ቈስሎ ከሳምንት በኋላ በሐኪም ቤት ወይም በመንደሩ የሚሞት ሰው ከመዝገብ ሊወጣ እንደሚችል ማንም ያስተውላል። የአገሩ ሰው ለሙታኑ በአርባውና በሰማንያው ቀን በስማቸው ተዝካር ያወጣል፤ አንድ ስንኳ እንዲዘለል አይወድም። እንግዲህ በቤተ ዘመድ ዘንድ በስሙ የሚታሰብ ሰው በአገር መዝገብ ዘንድ ከቍጥር መጕደሉ ነውር ነው። ያልተቈጠረ ሞት ጠያቂ የለውምና።

ሟቾቹስ እነማን ናቸው? በአዲስ አበባ ከተማ በመንገድ ላይ ከሚሞቱት የሚበዙት እግረኞች ናቸው፤ ይኸውም መኪና የሌላቸው፣ ሊኖራቸውም ያልታሰበ ሰዎች ናቸው። ከመኪናው ጥቅም ያልተካፈለው ሰው የመኪናውን ዕዳ በነፍሱ ይከፍላል። ይህ ከፍትሕ ሁሉ የራቀ ነገር ነው።

በብሉይ ሕግ ስለ እንዲህ ያለው ደም ሦስት ነገር ተሠርቷል፤ ሦስቱም ዛሬ ለመንገድ ይጠቅማሉ። መጀመሪያው እንጨት ሲቈርጥ የመጥረቢያው ብረት ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን የገደለ ሰው ነው። ይህ ሰው ጠላትነት ስላልነበረው ወደ መማፀኛ ከተማ እንዲሸሽና እንዲድን ተፈቀደለት። ዛሬም ሰው የገጨ ሾፌር ሕዝቡን ፈርቶ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሲሮጥ መማፀኛውን እየፈለገ ነው። ሁለተኛው የተዋጊ በሬ ነገር ነው። በሬው ተዋጊ መሆኑ ለባለቤቱ ተነግሮት ሳለ ሳይጠብቀው ቀርቶ ሰው የገደለ እንደ ሆነ፣ ባለቤቱ በነፍሱ ተጠያቂ ሆነ። ሦስተኛው የአዲስ ቤት ነገር ነው። ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዘዘ፤ ባያደርግና ሰው ወድቆ ቢሞት የደሙ ዕዳ የባለቤቱ ነው።

እነዚህን ሦስቱን አንድ አድርጎ የሚያስተውል ሰው የሕጉን ምስጢር ያገኛል። የመጥረቢያው ሰው አላወቀም፤ የበሬው ባለቤት ግን ዐውቋል፤ ቤት ሠሪውም ሊያውቅ ይገባው ነበር። ስለዚህ ዕዳው የሚመዘነው በጥላቻ ብቻ ሳይሆን በዕውቀትም ነው። የመጥረቢያው ብረት መላላቱን እያወቀ ለሠራተኛው ያቀበለ ሰው ቢገኝ፣ እርሱ ከመማፀኛው ከተማ በር ምን ይዞ ይቆማል? ጎማው ማለቁን፣ ፍሬኑ መድከሙን እያወቀ «ዛሬን ሥራበት» ብሎ መኪናውን ለሾፌር የሚሰጥ ባለቤት ይህን ሰው ይመስላል። በየቀኑ የተቈረጠ ገንዘብ ካላስረከብህ ብሎ ሾፌሩን ዕረፍት የሚያሳጣውም እንዲሁ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በ543ኛው አንቀጽ ሰውን በቸልተኝነት የገደለውን ሰው ይቀጣል። ይልቁንም የሰውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለባቸውን ሲያነሣ ሐኪሙንና አሽከርካሪውን ጎን ለጎን ጠቅሶ ቅጣታቸውን ያከብድባቸዋል። ይህ ማስተዋል ያለበት ሥራ ነው። መሪ የጨበጠ ሰው እንደ ሐኪም ሁሉ የሌላውን ነፍስ በእጁ ይዟልና። ነገር ግን ሕጉ ሾፌሩን ይዞ ባለቤቱን፣ መንገድ ሠሪውንና ሹሙን የተወ ቢመስለው፣ ሕዝቡ ዕዳው ሁሉ በአንድ ሰው ላይ የወደቀ ያስባል፤ ያም ሰው ሲታሰር ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። በማግሥቱ በዚያው መታጠፊያ ሌላ ሾፌር ሌላ ሰው ይገድላል።

ተሳፋሪውም ከዕዳው ነጻ አይደለም። «ቶሎ በል እንጂ! ተኝተህ ነው ወይ የምትነዳው?» ብሎ የሚጣራው እርሱ ነው። ዐሥር ደቂቃ ለማትረፍ የሚደረገው ችኰላ ግን ዋጋው ምን እንደ ሆነ ተመርምሯል። መኪና በአማካይ ፍጥነቱ ላይ 1 በመቶ ሲጨምር፣ ሰው የሚሞትበት ግጭት 4 በመቶ ያህል ይጨምራል። በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር በሚሮጥ መኪና የተገጨ እግረኛ በ50 ኪሎ ሜትር ከተገጨው ይልቅ ለሞት 4 እጥፍ ተኩል የቀረበ ነው። የቸኰለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ የፈሰሰ ደም ግን አይለቀምም።

«ሰው ሁሉ ይሳሳታል፤ እንግዲህ ሞቱን ማን ያስቀረዋል?» የሚል ይኖራል። ሰው መሳሳቱ እውነት ነው። ነገር ግን ከዚህ እውነት ሁለት ልዩ ልዩ ፍሬ ሊወጣ ይችላል። ሰነፍ «ስለሚሳሳት ይሞታል» ይላል፤ ብልህ ግን «ስለሚሳሳት፣ ስሕተቱ እንዳይገድለው መከታ ይሠራለት» ይላል። የስዊድን መንግሥት ምክር ቤት በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1997 ዓ.ም. የወሰነው ይህን ሁለተኛውን ነው። በመንገድ ላይ የሚሞት ሰው ከቶ እንዳይኖር መሥራት ይገባል፤ ለዚህም መንገዱን የሚሠራውና ሕጉን የሚያወጣው ከነጂው ጋር ተጠያቂ ነው ተባለ። በዚያ ዓመት 540 ያህል የነበረው የስዊድን የመንገድ ሞት በ2020 ዓ.ም. ወደ 200 ወረደ። በሆላንድ አገርም በ1971 ዓ.ም. ከ3 ሺህ በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ከ400 በላይ ልጆች ነበሩ። ወላጆችና የከተማው ሰዎች ነገሩን «አደጋ» ማለትን ትተው «የልጆች ግድያ ይቁም» ብለው ተነሡ። በቅርቡ ዓመታት የሆላንድ የመንገድ ሟቾች 700 ያህል ናቸው። ስሙን ያረሙት ሰዎች ሥራውንም አረሙት።

ዳግመኛም «ይህ የባለጠጋ አገር ነገር ነው» የሚል ይኖራል። የሚያድነው ነገር ሁሉ ግን ውድ አይደለም። በትምህርት ቤት ደጃፍ የፍጥነት መግቻ ጕብታ መሥራት፣ ዜብራውን መቀባት፣ የእግረኛውን መንገድ ከሸቀጥና ከቆመ መኪና ማጽዳት ከፍ ያለ ሀብት አይጠይቅም። የመኪና ሠሪው ቮልቮ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1959 ዓ.ም. ሦስት መያዣ ያለውን የደኅንነት ቀበቶ ካወጣ በኋላ፣ ሌሎች ሠሪዎችም ያለ ዋጋ እንዲጠቀሙበት ፈቀደ፤ ይህ ቀበቶ በመኪና ውስጥ ያለውን ሰው ከሞት ስጋት እስከ ግማሽ ያድነዋል። ማሰሩ የሚፈጀው የእጅ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። «የሕዝብ ልማድ አይለወጥም» የሚለውም ቃል በኢትዮጵያ ታሪክ ይሻራል። አገሪቱ በ1956 ዓ.ም. የመኪናን አነዳድ ከግራ ወደ ቀኝ አዛውራ፣ ነጂውም እግረኛውም የለመደውን ትቶ አዲሱን ይዟልና። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮም በአንዳንድ እሑዶች ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ ሲለቀቁ ታይቷል። ሥራው የተጠራበት «መንገድ ለሰው» የሚለው ስም ብዙ ሰው የዘነጋውን የነገሩን ሥርዐት ያስታውሳል፤ መንገድ የተሠራው ስለ ሰው ነው እንጂ ሰው ስለ መንገድ አልተፈጠረም።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። ቅጠሉን የሚይዘው ግን አንድ ሰው ብቻ አይደለም። ነጂው ፍጥነቱን፣ ባለቤቱ ፍሬኑን፣ መንገድ ሠሪው መከታውን፣ ሹሙ ፍርዱንና ቈጠራውን፣ ተሳፋሪው አንደበቱን፣ እግረኛውም ዓይኑን ይጠብቅ። ዕዳው ለብዙዎች ተከፈለ ማለት ለእያንዳንዱ አነሰ ማለት አይደለም፤ መኪናው የገፋው በአንድ እጅ ቢሆንም መንገዱን የጠረጉለት እጆች ብዙ ናቸውና። ከእንግዲህ ወዲህ በልቅሶ ቤት የተቀመጠ አስተዋይ ሰው «አደጋ ደረሰበት» ሲባል የሰማ እንደ ሆነ፣ ሐዘንተኛውን ካጽናና በኋላ፣ በማግሥቱ ያን መታጠፊያ ሄዶ ይመልከት፤ መከታ ያልተደረገለት መሆኑን ያየ እንደ ሆነም ለሚመለከተው ሹም ይንገር። ከተነገረ በኋላ ሹሙ እንደ በሬው ባለቤት ነው፤ አላወቅሁም ሊል አይችልም።