የሰረቀ እጅና የገዛ እጅ

ሌባ የሚሰርቀው የሚገዛው ሰው መኖሩን ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ ስርቆት በአንድ እጅ ተጀምሮ በሌላው እጅ የሚፈጸም ሥራ ነው። የተሰረቀውን ዕቃ ሳያውቅ፣ ይልቁንም እንዳያውቅ ፈልጎ የገዛ ሰው፣ ከበደል ነጻ ነውን?

ከገዋኔ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በአዳይቱ በሥራ ላይ ሳለን፣ አንድ ሻጭ በቴሌግራም ያስታወቀውን የእጅ ስልክ በገበያው ግማሽ ዋጋ ገዛን። ደረሰኝ አልጠየቅንም፤ እሱም ከየት እንዳገኘው አልነገረንም። ስልኩን ስንከፍተው የአንዲት ተማሪ የትምህርት ማስታወሻና የእናትዋ ፎቶግራፍ ተገኘበት። «ገንዘባችንን ከፍለናል» ብለን ራሳችንን ልናጽናና ሞከርን፤ ኅሊናችን ግን ዕረፍት ነሣን። በመጨረሻ ለፖሊስ አስረከብነው፤ ገንዘባችንም በዚያው ቀረ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቅን ልቡና የገዛውን ሰው ይጠብቀዋል፤ ነገር ግን ዕቃው የተሰረቀ እንደ ሆነ ባለቤቱ ከገዢው እጅ ሊያስመልሰው ይችላል። የወንጀል ሕጉም የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የተቀበለውን ይቀጣል። ሳይጠይቅ የገዛውንም ኅሊናው ይከሰዋል።

ይህ ነገር በግለሰብ ብቻ የሚደርስ አይደለም፤ አገራችንም ቀምሳዋለች። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ፣ የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የዘረፈውን ንዋየ ቅድሳትና የብራና መጻሕፍት በደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ሸጠ፤ ገንዘቡም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ከገዢዎቹም አንዱ የብሪቲሽ ሙዚየም መልእክተኛ ሪቻርድ ሆልምስ ነበር። ጨረታው በአደባባይ ቢደረግም ዝርፊያውን ንግድ ሊያደርገው አልቻለም። ከ150 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በሰኔ 2013 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰዱ መጽሐፍ ቅዱስና የቀንድ ዋንጫዎች በእንግሊዝ አገር በዶርሴት ለጨረታ ሊቀርቡ ሲሉ ኤምባሲያችን ተቃወመ፤ ጨረታውም ቀረ። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ገዝቶ ለኢትዮጵያ መለሳቸው። እነሆ፣ መግዛትም የሚመሰገንበት ጊዜ አለ፤ ይኸውም ዕቃው ወደ ባለቤቱ እንዲመለስ ሲሆን ነው።

ዛሬ ግን የደላንታ ሜዳ በየሰው ኪስ ውስጥ ገብቷል። በትግራይ ጦርነት የተዘረፉ ናቸው የተባሉ የብራና መጻሕፍት በኢቤይ ለሽያጭ መቅረባቸው በ2014 ዓ.ም. ተነግሯል። በኢንተርኔት ገበያ ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ስለማይተያዩ ኀፍረት እንኳ አይከለክላቸውም። አንዱ የሌለውን ዕቃ በፎቶግራፍ አሳይቶ ገንዘብ ይወስዳል፤ ሌላው የሰው ንብረት ይሸጣል።

እንግዲህ ዋጋው ከልክ በላይ የረከሰ ዕቃ ስናይ ደስ ከመሰኘታችን በፊት አንድ ነገር እናስብ። እኛ ያልከፈልነውን ቀሪ ዋጋ የከፈለ ሌላ ሰው አለ፤ እሱም ዕቃው የተሰረቀበት ሰው ነው። «ይህ የማን ነበር?» ብሎ መጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሁላችን ብንጠይቅ ሌባው ለማን ይሸጣል?